ሳዝ ወይስ ካስኬድ? ቤታቸው ቢራ ለሚጠምቁ ጥያቄና መልስ

«ለመጀመሪያ ጊዜ ቢራ ልጠምቅ ነው። ሳዝ የተባለው ሆፕ ይሻለኛል ወይስ ካስኬድ?» (ከሲያትል)

ሆፕ ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጥ አበባ ነው። ሳዝ የቼኮች ሆፕ ነው፤ በዣቴትስ ከተማ ዙሪያ ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ1842 ፒልሰን በተባለችው የቼክ ከተማ የተጠመቀው ወርቃማ ላገር (በቅዝቃዜ የሚብላላ ቢራ) መዓዛውን ያገኘው ከእሱ ነው። ምሬቱ ለስለስ ይላል፤ ሽታው ወደ ሣርና ወደ ቅመም ያደላል። ካስኬድ ደግሞ አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ ተዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ1972 ለገበሬ የተሰጠ ነው፤ ግሬፕፍሩትና አበባ ይሸታል። ለጀማሪ እኔ ካስኬድን እመርጣለሁ። ሳዝ የሚያምረው በላገር ነው፤ ላገር ደግሞ 10 ዲግሪ አካባቢ ቅዝቃዜና የሳምንታት ትዕግሥት ይፈልጋል። በካስኬድ የሚጠመቀው ፔል ኤል የተባለ ቢራ ግን ቤት ውስጥ በ18 ወይም በ20 ዲግሪ ይብላላል።

«አዘገጃጀቱ 60 ግራም ሳዝ ይላል፤ ያገኘሁት ግን ማግነም የተባለ ሆፕ ነው። ያንኑ ያህል ልጨምር?»

እንዳይጨምሩ! አይጠጣም። ሆፕን መራራ የሚያደርገው አልፋ አሲድ ነው፤ መጠኑ ፓኬቱ ላይ በመቶኛ ተጽፎ ያገኙታል። ሳዙ 3.5 በመቶ፣ ማግነሙ 14 በመቶ ከሆነ፣ 60ን በ3.5 አባዝተው ለ14 ያካፍሉ፤ 15 ግራም ይበቃዎታል። ይህ ስሌት ግን ከመፍላቱ መጀመሪያ አንሥቶ ለሚገባው፣ ለማምረሪያው ብቻ ነው። መዓዛ የሚሰጠው ዘይት ሲፈላ ስለሚተን፣ ለመዓዛ የሚሆነው ሆፕ የሚገባው እሳቱ ሊጠፋ ሲል ነው፤ እዚያ ላይ ማግነም ሳዝን አይተካም።

«በጌሾ ፈንታ ሆፕ አግብቼ ጠላ ብጠምቅስ?»

የሚወጣው መጠጥ የጠላ ጣዕም አይኖረውም። ሁለቱም ያመርራሉ እንጂ የቅርብ ዝምድና የላቸውም፦ ሆፕ የሐረግ አበባ ነው፣ ጌሾ ቁጥቋጦ ነው። ጌሾ ጥንስሱ ውስጥ ተዘፍዝፎ ምሬቱን ይሰጣል፤ ሆፕ ግን በደንብ ካልፈላ ምሬቱ አይወጣም። በዚያ ላይ ሆፕ ጠላን ጎምዘዝ የሚያደርጉትን ባክቴሪያዎች ያዳክማል፤ ያ ጉምዛዜ ከሌለ ምኑን ጠላ ሆነው? ከሐበሻ ሱቅ ጌሾ ይግዙ።

«ቁም ሣጥን ውስጥ የከረመው ሆፔ አይብ አይብ ይሸታል።»

ይጣሉት፤ ሙቀትና አየር አበላሽቶታል። የሚቀጥለውን አየር በማይገባበት ከረጢት አድርገው ፍሪዘር ውስጥ ያኑሩት።

«ተጣርቶ የቀረውን የሆፕ አተላ ለውሻዬ ብሰጠውስ?»

በፍጹም! የጠላ አተላ ለከብት እንደሚሰጠው አድርገው እንዳያስቡት። ሆፕ ለውሻ መርዝ ነው፤ የሰውነቱን ሙቀት በአደገኛ ሁኔታ ያንረዋል፣ ሊገድለውም ይችላል። ጓሮም አይድፉት፤ አስረው ክዳን ባለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይጨምሩት። ከበላም ምልክት እስኪታይበት ሳይጠብቁ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ያድርሱት።