ለሁለት ልጆች ገዝተን ግቢው ሁሉ ቢዘልበትስ?

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዳማ ነው። ስድስት ዓመቷን በቅርቡ የያዘች ሴት ልጅና ሦስት ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ወንድ ልጅ አሉኝ። የልደት ቀናቸው ስለሚቀራረብ አንድ ላይ ነው የምናከብርላቸው፤ ዘንድሮ ወንድሜ ከዱባይ ብር ልኮ «የሚወዱትን ግዙላቸው» ብሎናል። የሚወዱት መዝለል ነው። የአልጋችን ርብራብ ሁለት ጊዜ ተሰብሮ አናጺ ጠግኖታል፣ ሶፋው መሃል ለመሃል ጎድጉዷል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ቤት ውስጥ ስንከተት ደግሞ ጣሪያው በላያችን የሚወርድ ይመስለኛል።

ባለቤቴ አንድ የልጆች መጫወቻ ቤት ሲዘጋ ያገለገለ ትራምፖሊን እንደሚሸጥ ሰምቶ ሄዶ አይቶታል። ስፋቱ ሦስት ሜትር ነው፣ ዙሪያውን መረብ አለው። በአዲሱ ዋጋ የማይታሰብ ስለሆነ ዕድሉ አያምልጠን ይላል። እኔ ደግሞ ሱቅ ውስጥ አንድ ሜትር የምትሆን፣ ከፊቷ መያዣ ብረት ያላት ትንሽ አይቻለሁ። እሱ ግን «እሷን በአንድ ወር ይሰለቿታል። ትልቁ ለዘለቄታ ነው፣ መረብም አለው» ይለኛል። እናቴ ሁለቱንም አትወድም፤ «አጥንታቸው ሳይጠና ምን ያዘልላቸዋል?» ባይ ናት።

ሌላም ነገር አለ። የምንኖረው ተከራይተን ነው። በግቢው ከእኛ ሌላ ሁለት ቤተሰብ ይኖራል፣ የእኛን ሳልጨምር አራት ልጆች አሉ። ትልቁ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። አከራያችን አልከለከሉም፤ «የልብስ ማስጫዬን ብቻ እንዳትነኩብኝ» ነው ያሉት። የጎረቤት ልጅ መጥቶ አፉን ከፍቶ ሲያይ ግን «አንተ አትውጣ» እንዴት ይባላል? ከእናቶቻቸው ጋር በየቀኑ ቡና እንጠጣለን።

የቱን እንግዛ? መረቡስ እውነት ይጠብቃቸዋል? አንቱ ሳይሉ እንደ ልጅዎ ይንገሩኝ።

የሁለት ዘላዮች እናት፣ ከአዳማ

መልስ

የሁለት ዘላዮች እናት፣

እሺ፣ አንቺ ልበልሽ። ከደብዳቤሽ ደጋግሜ ያነበብኩት መጨረሻ ላይ «ሌላም ነገር አለ» ብለሽ የጀመርሽውን ነው። እኔ ብሆን ደብዳቤውን ከዚያ እጀምረው ነበር።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ባወጣው መግለጫ ትራምፖሊን ላይ ከሚደርሱት ጉዳቶች ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚደርሱት ከአንድ ሰው በላይ አብሮ ሲዘል መሆኑን ጽፏል። ከሚዘሉት መካከል ደግሞ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ትንሹ ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት የአሥራ አንድ ዓመቱን ጎረቤታችሁንና የአንቺን ልጅ አንድ ሸራ ላይ አቁሚያቸው። ትልቁ ሲያርፍ ሸራው በክብደቱ ወደ ታች ይለጠጣል፣ ወዲያው ደግሞ ሽቅብ ይፈናጠራል። በዚያች ቅጽበት ትንሹ እየወረደ ከሆነ እግሩ የሚያገኘው እሱን ለመቀበል የሚረግብ ሸራ ሳይሆን በትልቁ ልጅ ኃይል ወደ ላይ የሚመጣ ሸራ ነው። ሲሚንቶ ላይ ከመዝለል አይተናነስም። ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ ያለው የቅልጥም አጥንት ይሰነጠቃል። ሐኪሞች ይህን ዓይነቱን የሕፃናት ስብራት በትራምፖሊን ስም እስከ መጥራት ደርሰዋል።

ልብ በይ፣ ልጁ ከትራምፖሊኑ አልወደቀም። መረቡን በእጁም አልነካውም። ባለቤትሽ የተማመነበት መረብ ወደ ውጭ መውደቅን ሊቀንስ ይችላል፤ እውስጥ ለሚሆነው ግን ምንም አያደርግም። እንዲያውም «መረብ አለ» ተብሎ ስድስት ልጅ ተጠቅጥቆ፣ እናቶች ፊታቸውን ወደ ጀበናው ያዞራሉ። እኔም አዙሬ አውቃለሁ፤ የእህቴ ልጅ ምላሱን ነክሶ በደም ተነክሮ ሲመጣ ሁለተኛው ቡና ገና አልተቀዳም ነበር።

ዕድሜን በተመለከተ እናትሽ ከሐኪሞቹ ጋር ተስማምተዋል። አካዳሚው ትራምፖሊን ከነጭራሹ ለቤት መዝናኛ ባይገባ ይመርጣል፤ ከስድስት ዓመት በታች ያሉትን በተለይ ያርቃል። አሜሪካ ውስጥ አምራቾች የሚመሩበት መስፈርትም ከመሬት ከ51 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ የሚለውን ትራምፖሊን ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም ይላል። ባለቤትሽ ያየው ትልቅ ከዚያ ከፍታ በላይ እንደሚሆን አልጠራጠርም። ስለዚህ ለልጅሽ ገና ዘንድሮ ደረሰላት፣ ወንድሟ ግን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ይቀረዋል። «ለዘለቄታ» የተባለው ዕቃ ለአንደኛው ከወዲሁ የማይሆን ነው።

ቦታውንም እናስላ። ሦስት ሜትር ለራሱ፣ በየጎኑ ቢያንስ ሁለት ሁለት ሜትር ባዶ መሬት፣ በድምሩ ሰባት ሜትር በሰባት ሜትር። ሮቶው፣ የከሰል ምድጃው፣ የቆርቆሮው ጠርዝ፣ የጠርሙስ ስባሪ የተተከለበት አጥር፣ የአከራያችሁ የልብስ ማስጫ፣ ሁሉም ከዚያ ውጭ መሆን አለባቸው። በአዳማ የኪራይ ግቢ ይህን ያህል ባዶ መሬት ካላችሁ ቤቱን እንዳትለቁት!

ከዚያ ነፋሱ አለ። ከተማችሁ ዳር ባሉት ኮረብቶች ላይ ተርባይኖቹን የተከሏቸው ለውበት አይደለም፤ አዳማ ሁለት የተባለው ጣቢያ ብቻውን 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኖ የተሠራ ነው። ሦስት ሜትር ሸራና ዙሪያውን የቆመ መረብ እንዲህ ላለ ነፋስ እንደ መርከብ ሸራ ነው። ካስማ ተመትቶ ካልታሰረ ተነሥቶ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ሊያርፍ ይችላል። የግቢው መሬት ሲሚንቶ ከሆነ ደግሞ ካስማውን የት ትመቺዋለሽ?

ስለማገልገሉ ብዙ አልልም። ፀሐይ ላይ የከረመ መረብ ዓይን ሳያስተውለው ይበሰብሳል፤ በሁለት ጣት ይዘሽ ጠበቅ አድርገሽ ስትስቢው የሚተረተር ከሆነ ከመጋረጃ አይሻልም። ሞላዎቹ ላይ ዝገት፣ ብየዳው ላይ ስንጥቅ፣ ሞላውን በሚሸፍነው ስፖንጅ ላይ ቀዳዳ ካለ ርካሽነቱ እዚያው ያበቃል።

ትንሿን ግዢ። ሱቅ ስትሄጂ ግን ሻጩ ካርቶኑን እያሳየ እንዳይሸኝሽ፤ ተገጥማ ቆማ እያት። መጀመሪያ መያዣ ብረቱን ይዘሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝውዢው። በቡሎን የታሰረ ከሆነ አይነቃነቅም፤ ዝም ብሎ የተሰካ ከሆነ ልጁ ሲደገፍበት ተነቅሎ አብሮት ይወርዳል። ቀጥሎ ሸራውን መሃሉ ላይ በሁለት እጅሽ ተጭነሽ ልቀቂው፤ ወለሉን ከነካ ተይው። ሸራውን የሚይዘው በሞላ ፋንታ ወፍራም ላስቲክ ቢሆን እመርጣለሁ፣ ለትንንሽ ጣቶች ይራራል። ሞላ ከሆነ ግን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ሳይኖር በስፖንጅ የተሸፈነ ይሁን፣ ሽፋኑም እንዳይሸሽ የታሰረ። የሚሸከመው ክብደት ተጽፎበታል ወይ? የእግሮቹ ጎማ በሙሉ አለ ወይ? ቤታችሁ ሊሾ ከሆነ አንድ ጎማ መጉደሉ ብቻ ያንሸራትታታል።

ቤት ውስጥ ከጠረጴዛ ማዕዘንና ከቴሌቪዥኑ አርቀሽ አስቀምጪያት። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለ ማራገቢያ ካለ ከሥሩ አይሁን። መገለባበጥ በጭራሽ የለም፤ አንገት ቀልድ አያውቅም። ሲጨርሱም በእግር መውረድ እንጂ ወደ መሬት መዝለል አይፈቀድም።

ለትንሹ የምመክረው ወለል ላይ የተዘረጋ አሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ ነው። እኅቱ እየዘለለች እሱ በፍራሽ እንደማይታለል ግን አውቃለሁ። ሐኪሞቹ እሱን ጨርሶ አታውጪው ይሉሻል፤ ልክ ናቸው። እንቢ ብሎ ካስቸገረሽና ካወጣሽው ብቻውን ይውጣ፣ ብረቱን ይያዝ፣ አንቺም አጠገቡ ተንበርክከሽ ወገቡን ያዢው። አሥር ትንንሽ ዝላይ፣ ከዚያ ወደ ፍራሹ።

ወደ ጎረቤቶችሽ ልመለስ። ትንሿን የመረጥኩልሽ ግማሹ ምክንያት ይህ ነው፤ ቤት ትገባለች፣ በር ይዘጋባታል፣ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። ግቢ መሃል የተተከለውን ትልቅ አንቺ ወጥ ስትሠሪ ማን እንደወጣበት አታውቂም። ልጆቹ ሲመጡ አትከልክያቸው፤ ተራ ይያዙ። ዘላዩ ሃያ ይዘላል፣ የተቀሩት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቆጥራሉ፣ ሃያ ሲሞላ ይወርዳል። መዋዕለ ሕፃናት ባስተማርኩባቸው ዓመታት እንዳየሁት ልጅ መቁጠር ከተሰጠው ሰልፉን ከአስተማሪው ይልቅ ራሱ ያስከብራል፤ አንድ ዝላይ የጨመረ ጉድ ፈላበት። የአሥራ አንድ ዓመቱን ልጅ ትንሿ ካልቻለችው ዳኛ አድርጊው፤ ፊሽካ ከሰጠሽውማ መዝለሉን ይረሳዋል። እናቶቹንም «አንድ በአንድ ነው የሚዘሉት፣ እኔ ከሌለሁ ተዘግቷል» ብለሽ ቡናው ላይ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ከጉዳት በኋላ ከሚመጣው ቅያሜ ይህ ይቀላል።

አይበለውና ልጅ ተጎድቶ እግሩን አልረግጥም ካለ፣ ባያብጥም፣ መጀመሪያ ራጅ ይነሣ። ወጌሻ ጋ አትውሰጂው። የሚያድግ አጥንት ሳይታይ ሲታሽ ይባስ ይጎዳል፤ አጥብቆ የታሰረ ቀርከሃ ደግሞ የደም ዝውውር ያቋርጣል።

ባለቤትሽ አሁንም ስለ ትልቁ ከተከራከረሽ ሜትር ስጪውና ግቢውን ይለካ። ከወንድምሽ ብር የሚተርፈውን ለአልጋው ርብራብ አውሉት።