ደብዛዛው ምኑ ነው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ከጅማ ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አንድ ቃል ላይ ተደራርበዋል። የቱርክ ድራማ፣ የቱርክ ስኮላርሺፕና የቱርክ ዕቃ በየቤቱ ገብተው፣ «ዲም» (ደብዛዛ) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በቱርክኛ ምን እንደሚባል ሁሉም ይጠይቃል። ጉዳዩን የነካ ሌላ ጥያቄም አብሮ ተስተናግዷል።

ከአጂፕ፣ የኳስ ወዳጅ፦ ፌነርባህቼ ማለት ምን ማለት ነው?

ፌነር ፋኖስ ወይም የባሕር ዳር የመብራት ማማ ነው፤ ባህቼ የአትክልት ቦታ። ክለቡ ስሙን ያገኘው ኢስታንቡል ውስጥ ካለው ሰፈር ነው። ዋንጫውን ለስፖርት አምድ ጠይቅ።

ከጊንጆ፣ ወደ ቱርክ ለትምህርት ለመሄድ የምትዘጋጅ ተማሪ፦ መዝገበ ቃላቱ ለ«ዲም» ብዙ ቃል ደረደረልኝ። የመጀመሪያውን ይዤ «ፎቶው ሎሽ ነው» ብዬ ብጽፍ የሚያስተምረኝ ልጅ ሳቀብኝ። ፎቶው የተንቀሳቀሰ፣ የማይለይ ነበር።

ልጁ ባይስቅ ይሻል ነበር፤ እርማቱ ግን ልክ ነው። ሎሽ የቦታና የብርሃን ቃል ነው። መጋረጃው የተጋረደ ሳሎን፣ ሻማ ብቻ የበራበት ምግብ ቤት ሎሽ ነው። ነቀፋ የለበትም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ደስ የሚል ነገር ይነገርበታል። ፎቶን ሎሽ ካልሽው ብርሃን አንሶት ጨልሟል ማለትሽ ነው። ያንቺው ግን ቡላንክ ነው። ቡላንክ መጀመሪያ የሚነገረው ለደፈረሰ ውሃ ነው፤ ክረምት ላይ የአዌቱን ወንዝ አይተሽ የምትዪውን ማለት ነው። ከዚያ ጥርት ብሎ ለማይታይ ፎቶና ለብዥታ ይውላል።

ሶኑክ ሌላ ነው። ሶንመክ መጥፋት ነው፣ ለእሳትም ለመብራትም። ስለዚህ ሶኑክ ሊጠፋ የደረሰ ነው፦ ድንጋዩ ያለቀ ባትሪ፣ ከሩቅ በጭንቅ የምትታይ ኮከብ። የተነፈሰ ኳስና ያልደመቀ ሠርግም ሶኑክ ይባላሉ። ዶኑክ የመጣው መቀዝቀዝ፣ በረዶ መሆን ከሚለው ዶንማክ ነው፤ ለማያብለጨልጭ ቀለም፣ ስሜት ለማይታይበት ዓይን። ክስክ ደግሞ ሰው ሆን ብሎ የቀነሰው ነው። ክስማክ መቀነስ ስለሆነ መብራትም፣ የሬዲዮ ድምፅም፣ ምድጃም ክስክ ይሆናሉ።

አራቱን ቃላት አስተያዪ፦ ክስክ፣ ቡላንክ፣ ዶኑክ፣ ሶኑክ። ሁሉም ከግስ ላይ አንድ ቅጥያ ተጨምሮባቸው የተሠሩ ናቸው፤ የቅጥያው አናባቢ ብቻ ከፊቱ ያለውን ተከትሎ ይለወጣል። ይህን ከያዝሽ ግማሹን መሸምደድ ትተርፊያለሽ። ሎሽ ከዚህ ቤተሰብ አይደለም።

ትዝታስ? እንግሊዝኛው «በዲም አስታውሳለሁ» ሲል ቱርኩ ከእነዚህ አንዱንም አይነካም፤ ሃያል ሜያል ይላል። ሃያል ምናብ፣ ሕልም መሰል ነገር ነው፤ እኛም «እንደ ሕልም ትዝ ይለኛል» ነው የምንለው። እንግሊዝኛውን መሐል ማስገባትሽ ነገሩን ያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከአማርኛ በቀጥታ ብትሄጂ ኖሮ ሁለት እርምጃ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። መዝገበ ቃላቱን ከመክፈትሽ በፊት የደበዘዘው ምን እንደሆነ ለይተሽ ጻፊ፦ ቦታ፣ ብርሃን፣ ቀለም፣ ምስል፣ ሐሳብ ወይስ ሰው። ቀጥሎ ራሱ ደበዘዘ ወይስ ሰው ቀነሰው ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ ያገኘሽውን የቱርክ ቃል ገልብጠሽ ከቱርክኛ ወደ እንግሊዝኛ ፈልጊው፤ የተሰጠው ምሳሌ የአንቺን ነገር ካልመሰለ ተዪው። በመጨረሻም በ1932 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የቱርክ ቋንቋ ተቋም መዝገበ ቃላት ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ፤ ፍቺው በቱርክኛ ቢሆንም የምሳሌ ዓረፍተ ነገሮቹን ለማንበብ አትፍሪ። የመጀመሪያውን ቃል አንስቶ መሮጥ የስንፍና እንጂ የቋንቋ ችግር አይደለም።

ከቆጪ፦ ነጥብ የሌላት የቱርክ «አይ» እንዴት ትነበባለች?

እንደ ሳድስ። ፈረንጅ ዓመት ሙሉ የሚለማመዳትን አንተ አፍህን ስትፈታ ጀምሮ አለችህ። እሽክ (ብርሃን) ስትል ሁለቱም ሳድስ ይነገራሉ። የአማርኛ ልማድ የሚያሳስተው የቃል መጨረሻ ላይ ነው፤ እኛ መጨረሻ ያለውን ሳድስ እንውጠዋለን፣ እነሱ ያሰሙታል። ስትጽፍ ስልክህ ላይ የቱርክ ኪቦርድ ጫን። ነጥብ ካደረግክባት ክር (ገጠር፣ ሜዳ) የነበረው ኪር (እድፍ) ይሆንብሃል።

በጅማና አጋሮ መካከል የሚሠሩ ሾፌር፦ የቱርክ አውቶቡስ ላይ «ክሳ ፋር» የተባለው ዲሙ ነው?

አዎ። ክሳ አጭር፣ ኡዙን ረጅም ነው፤ እርስዎ አጭር መብራት፣ ረጅም መብራት እንደሚሉት፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ። ዳሽቦርዱ ላይ አረንጓዴው ምልክት አጭሩ፣ ሰማያዊው ረጅሙ ነው። ጉም ሲወርድ ብዙ ሾፌር መንገዱን ለማየት ረጅሙን ያበራል፤ ብርሃኑ ከጉሙ ነጠብጣብ ላይ ነጥሮ ወደ ራሱ ዓይን ይመለስና ፊቱ ነጭ ግድግዳ ይሆንበታል። አጭሩን ያብሩ፣ ፍጥነት ይቀንሱ።

ከመርካቶ፣ የአምፖል ነጋዴ፦ ካርቶኑ ላይ «ዲምሌኔሜዝ» ይላል። ደንበኞች ይርገበገባል እያሉ ይመልሱብኛል።

ቱርኮች ይህን የእንግሊዝኛ ቃል እንዳለ ወስደው በራሳቸው ሰዋስው አሽተውታል። ዲምሌኔቢሊር ብርሃኑ መቀነስ የሚችል፣ ዲምሌኔሜዝ የማይችል ነው። የማይችለውን ኤልኢዲ በዲመር (ብርሃን መቀነሻ) ማብሪያ ላይ ከሰቀሉት ይርገበገባል፣ ሲርር ይላል፣ ቶሎም ይቃጠላል። ዲመሩ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ሞገድ በየግማሹ ስለሚቆርጠው አምፖሉ ውስጥ ያለው ሰርኪት የለመደውን አያገኝም።

የሚችለውን ሸጠውም ሊመለስብዎት ይችላል። የድሮ ዲመሮች ለክር አምፖል የተሠሩ ስለሆኑ ብዙዎቹ ቢያንስ 40 ወይም 60 ዋት ጭነት ይፈልጋሉ፤ ሦስት ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ተደምሮ 27 ዋት ነው። ደንበኛውን የዲመሩን ጀርባ አንብቦ እንዲመጣ ይንገሩት፣ ለኤልኢዲ የተሠራ ዲመርም አብረው ይያዙ። ገመዱን ኤሌክትሪሺያን ይነካካው።

ከቦሳ አዲስ፦ ሰውን «ዲም» ማለት ስድብ ነው?

ነው፣ ቀለል ያለ። በአማርኛ ከፈዛዛ ይበልጣል፣ ከደደብ ያንሳል። ቱርኩ ጭንቅላተ ወፍራም ይላል። ለመምህርህ አትጻፈው።

ከሂርማታ፦ የቱርክ ቡና አሠራር ላይ «ክስክ አቴሽ» ይላል። ደብዛዛ እሳት?

ዝቅ ያለ እሳት ነው። ለአንድ ትንሽ ሲኒ 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውሃና እንደ ዱቄት የላመ 7 ግራም ያህል ቡና አማስለው ይጣዱ፤ ከዚያ በኋላ አያማስሉ። አረፋው ከፍ ሲል ያውጡት። ከፈላ አረፋው ይጠፋል፤ ያለ አረፋ የቀረበ ቡና ደግሞ እነሱ ዘንድ ያሳፍራል። በጀበና ለምዶ እስኪንተከተክ የሚጠብቅ ሰው የሚያበላሸው ይህንኑ ነው።

ከጅሬን፦ እናቴ ቱርክ ታክማ ስትመለስ ወረቀቷ ላይ «ቡላንክ ጎርሜ» አለበት፤ አሁን ደግሞ ሲመሽ አይታየኝም ትላለች። አንድ ነው?

አይደለም። ቡላንክ ጎርሜ ብዥታ ነው። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ አለማየት ዳፍንት ነው፤ ቱርኮች ጌጄ ኮርሉዩ፣ የሌሊት ዕውርነት ይሉታል። ሐኪሙ ፊት ሁለቱን አታቀላቅዪ፤ መቼ እንደሚብስ፣ አንድ ዓይን ይሁን ሁለቱም፣ ቀስ በቀስ ይሁን በድንገት በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ በግልጽ ንገሪው። ዳፍንት ከቫይታሚን ኤ እጥረትም ከሌላ የዓይን ሕመምም ይመጣልና ካሮት ቀቅሎ መስጠት መልስ አይደለም።

የቱርኩን ወረቀት ይዛችሁ በዚህ ሳምንት የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል ሂዱ። አንድ ዓይኗ በድንገት ቢጨልም፣ እንደ መጋረጃ ጥላ ቢወርድበት ወይም ብልጭታ ቢበዛባት ግን ሳምንትም ሌሊትም አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ይዘሻት ሂጂ። ይህን ለሚያነብ ሁሉ ነው የምጽፈው።

ከመንቲና፦ በቱርክኛ የተጻፈ የሥራ ውል ብልክ ትተረጉሙልኛላችሁ?

አንተረጉምም። ፈቃድ ወዳለው ተርጓሚ ውሰደው፤ ሳይተረጎምልህ አትፈርም።

ከመርካቶ፦ ድራማው ላይ ሰውዬው ጠዋት ጠዋት «ወደ ዱካን ልሂድ» ይላል። በኦሮምኛ ዱካና ጨለማ አይደለም እንዴ?

ነው። የቱርኩ ግን ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ሱቁን ሊከፍት ነው።