የድንች ነጋዴው ገንዘብ

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም የተማሪ ደብዳቤ ነበር ያነበብኩት። ሁለተኛው ላይ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር አናደደችኝ። በአንቺ አይደለም የተናደድኩት፤ እመጣበታለሁ።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩ እንዲህ ነው። ጸሐፊዋ ጅማ፣ ቂጦ ፉርዲሳ፣ የኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። የሴሚናር ርዕሷ የሚሞሪ ላይሰንስ ስምምነቶች (የኮምፒውተር ሚሞሪ ንድፍን ለመጠቀም ከፓተንቱ፣ ማለትም ከፈጠራው መብት ባለቤት የሚገዛ ፈቃድ) የቺፕ አምራቾችን ፉክክር እንዴት እንደሚቀይሩ ነው። አንብባ ስትጨርስ ቅስሟ ተሰበረ። «ጋሼ፣ ሜዳው ተሸንሽኖ አልቋል» ትላለች። «ፓተንት ያለው አከራይ ነው፣ የሌለው ተከራይ። እኔ ከጅማ ተነስቼ ተከራይም አልሆን።» ስለዚህ የመመረቂያ ፕሮጀክቷን ከሚሞሪ ኮንትሮለር (ሚሞሪውን ከሚያስተዳድረው ክፍል) ወደ ዌብሳይት ልትቀይር አስባለች። አባቷ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ ወይ ባንክ ግቢ፣ ወይ መጋዘን ተቀመጪ ብለዋታል። ጂዳ ያለው አጎቷም ለትምህርቷ የላከውን ብር በወሬ መሀል እያስታወሰ ማንሳት ጀምሯል። 3.1 የሆነው ውጤቷና እንግሊዝኛዋም ያስጨንቋታል።

ከትንሹ ልጀምር። 3.1 ጥሩ ነው፣ እርሺው። እንግሊዝኛሽ ዳታሺት (የቺፕ መግለጫ ወረቀት) ካነበበልሽ ይበቃል፤ የቀረው በሥራ ይመጣል።

አሁን ወደ አከራይና ተከራይ እንምጣ። ዓመቶቹን እንደ አንቺው በፈረንጅ እጽፋለሁ።

ራምበስን ጠቅሰሻል። በ1990 የተመሠረተ፣ የሚሞሪ ፋብሪካ የሌለው ድርጅት ነው። ንድፍ ይሠራል፣ ፓተንት ያወጣል፣ ይፈቅዳል፣ ያስከፍላል። በ1996 ከኢንቴል ጋር ተዋዋለ። ኢንቴል በ2000 መጨረሻ ፔንቲየም 4ን ሲያወጣ፣ መጀመሪያ ላይ ከራምበስ ሚሞሪ ውጪ አይሠራም ነበር። ሚሞሪው ውድ ነው፤ አምራቾቹም ለሌላ ሰው ሮያሊቲ (የንድፍ ኪራይ) መቁጠር አልጣማቸውም። የኢንቴል ተፎካካሪ ኤኤምዲ በዚያው ሰሞን ዲዲአር የሚባለውን ርካሽ ሚሞሪ ይዞ መጣ። ገዢው ሁለቱን አስተያየ። ኢንቴል በ2001 ለዚያው ፕሮሰሰር በተራው ሚሞሪ የሚሠራ ቺፕሴት (ፕሮሰሰሩን ከሚሞሪው የሚያገናኝ ቺፕ) አወጣ። በዚያ ዙር ኢንቴልን የጎዳው ፕሮሰሰሩ ብቻ አልነበረም፤ የፈረመው ውልም ነው።

ቀጥሎ ራምበስ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ከ2000 ጀምሮ ከሚሞሪ አምራቾቹ ጋር ከአሥር ዓመት በላይ ተካሰሰ። እነሱ ደግሞ «ጄዴክ በሚባለው የደረጃ አውጪ ማኅበር አብሮን ተቀምጦ፣ ፓተንት እያዘጋጀ መሆኑን ደበቀን» አሉ። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2006 ፈረደበት፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2008 ሻረው። በመጨረሻ ሳምሰንግ በ2010፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን በ2013 ታረቁት። እኛ ሰፈር ቢሆን ሽማግሌ በሁለት እሑድ ይጨርሰው ነበር። ደግሞ አምራቾቹም ጻድቅ አልነበሩም። በዚያው ዘመን ተስማምተው ዋጋ ሲወስኑ ተይዘው፣ ሳምሰንግ ብቻውን በ2005 የ300 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተቀብሏል።

እስከዚህ ያንቺን ሐሳብ የሚደግፍ ይመስላል። ዚ-ራምን ግን በአንድ መስመር አልፈሽዋል፤ እኔ ብሆን ሴሚናሩን በሙሉ በእሱ ላይ አደርገው ነበር። ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው ካሽ (ብሩን አይደለም የምልሽ፣ ፈጣኑን ሚሞሪ ነው) ብዙ ቦታ ይበላል፤ አንዷን ቢት ለመያዝ ስድስት ትራንዚስተር ይፈልጋል። ኢኖቬቲቭ ሲሊኮን የሚባል የስዊዘርላንድ ትንሽ ድርጅት ይህን ዚ-ራም ባለው ዘዴ በአንድ ትራንዚስተር፣ ያለ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም ክፍል) እሠራዋለሁ ብሎ መጣ። ዘዴው የሚፈልገው የሲሊኮን ዓይነት ኤኤምዲ የሚሠራበት፣ ኢንቴል ግን የማይጠቀምበት ነበር። ኤኤምዲ በጥር 2006 ላይሰንሱን ገዛ። ወረቀቱ ላይ ካየሽው ኢንቴልን አንገቱን የሚያስደፋ ነገር ነው። ምን ሆነ? በዚ-ራም የተሠራ አንድም የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ገበያ አልወጣም። ሃይኒክስም በ2007 ፈቃዱን ገዝቶ ነበር። ድርጅቱ በ2010 ተዘጋ፣ ፓተንቶቹም ወደ ማይክሮን ሄዱ።

ይሄን አባትሽ በደንብ ይረዱታል። ጀንፈል ገዝቶ መጋዘን ሞልቶ፣ ሳይፈለፍሉ መቀመጥ ማለት ነው።

ሌላኛውን ደግሞ ተመልከቺ። ሳምሰንግ በ1983 ሚሞሪ ልሥራ ብሎ ሲነሳ የራሱ ንድፍ አልነበረውም። የ64 ኪሎቢቱን ዲ-ራም (ዋናው የኮምፒውተር ሚሞሪ ዓይነት) ንድፍ በላይሰንስ ያገኘው ከማይክሮን ነው። ማይክሮን ያኔ የአምስት ዓመት ጀማሪ ነበር። እንግዲህ ተከራይ ማለት ይሄ ነው። ዛሬ ሳምሰንግ ከማይክሮን ይበልጣል። የገዛውን ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ፈልፍሎ፣ ቆልቶ፣ ወቅጦ ነው እዚያ የደረሰው። ሁለቱም ፈቃድ ገዝተዋል፣ ሳምሰንግም ኤኤምዲም። ልዩነቱ ከፊርማው በኋላ ባለው ሥራ ነው። ፕሮጀክትሽን አትቀይሪ የምልሽም ለዚህ ነው።

ደግሞ ፓተንት ዘላለማዊ አይደለም። አንድ ትራንዚስተርና አንድ ካፓሲተር ያለው ዲ-ራም የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድ በ1968 ያገኘው ፓተንት ነው። ዛሬ ያለማንም ፈቃድ ይማሩበታል፣ ይሠሩበታል። የኛው አዋጅ ቁጥር 123/1987 (ይሄኛው በኛ አቆጣጠር ነው) ለፓተንት 15 ዓመት ይሰጣል። አገር ውስጥ እየተሠራበት መሆኑ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨምራል። አከራዩም ቀነ ገደብ አለበት።

አሁን ያናደደችኝን ዓረፍተ ነገር ላንሳ። «የውሉ ነገር የሕግ ሰዎች ጉዳይ ስለሆነ ዘልዬዋለሁ፣ ቴክኒኩን ብቻ ነው ያየሁት» ብለሻል። እኔም ልክ እንደዚህ ብዬ ነበር። ገና እንደተመረቅኩ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር እጠግን ነበር። ትልቅ ሲስተም ተገዛና ተረከብ ተባልኩ። ሳጥን ቆጠርኩ፣ ሚሞሪ ፈተሽኩ፣ ፈረምኩ። የላይሰንሱን ወረቀት ማንም አላነበበም። በዓመቱ አንድ ሰኞ ጠዋት ሲስተሙ ተቆለፈ፤ ለካ ፈቃዱ የአንድ ዓመት ብቻ ነበር። የሠራተኛው ደሞዝ ዘገየ፣ የተፈረመው ደግሞ በኔ እጅ ነው። ጓደኞቼ ምሳ ሰዓት ላይ ፊታቸውን ያዞሩብኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ግዥና ውል ክፍል ልዛወር ብዬ ራሴ ጠየቅኩ። እንጀራዬን ያገኘሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ቺፑንም ውሉንም የሚያነብ ሰው ብርቅ ነው።

ስለዚህ ኮንትሮለሩን ሥሪው፣ በዚያ ላይ አንድ ምዕራፍ ጨምሪበት። የምትጠቀሚባቸው ነገሮች የማን ናቸው? የትኛው ያስከፍላል፣ የትኛው እንደ ሪስክ-ፋይቭ (ማንም በነፃ የሚጠቀምበት የፕሮሰሰር ደረጃ) ክፍት ነው? ይህን የጻፈ ተመራቂ ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ የሚያወራው አያጣም። ተመርቀሽ በማግስቱ ጅማ ላይ ሚሞሪ ዲዛይን አደርጋለሁ ብለሽ ግን አትጠብቂ። የአይቲ ግዥ፣ የውል ክትትል፣ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን፣ እነዚህን አንኳኪ። ማታ ማታ ቬሪሎግሽን (የቺፕ ንድፍ የሚጻፍበትን ቋንቋ) አትተዪ።

ባንኩስ? ቤት ውስጥ ገንዘብ ካጠረ ግቢ፣ ነውር የለውም። ግን መስኮት ላይ ብር ለመቁጠር አይሁን። ባንኮች ሲስተም በላይሰንስ ይገዛሉ። ያንን ክፍል ፈልጊ።

ስለ አጎትሽ ቅር ካለሽ ይቅርታ። የላከው ስጦታ ከሆነ ስጦታ ነው፤ ብድር ከሆነ መጠኑና ጊዜው ይጻፍና ሁለታችሁም ፈርሙ። ሳይነገር የተሰጠ፣ ዓመት ቆይቶ የሚቆጠር ገንዘብ እኔ አልወድም። ይሄ ራምበስ ስብሰባው ላይ አደረገ ከተባለው ምን ለየው? አጎት ስለሆነ ብቻ ዝም አይባልም። በአክብሮት ጠይቂው።

የሚከብድሽ አባትሽ ናቸው፣ ገብቶኛል። «የፈረንጅ ዕቃ ነው፣ እኛ ቡና ነው የምናውቀው» አሉኝ ብለሻል። እንግዲያው ይሄን ንገሪያቸው። ማይክሮን በ1978 የተቋቋመው አይዳሆ ውስጥ፣ ቦይዚ በምትባል ከተማ ነው። አይዳሆ በድንች የታወቀች ናት። ገና ጨቅላ ሳለ ገንዘባቸውን ካስገቡበት ሰዎች አንዱ ሲምፕሎት የሚባል የድንች ነጋዴ ነው። ሰውዬው ሚሞሪ መሥራት አያውቅም። ድንች ያውቃል፣ ገበያ ያውቃል፣ ዋጋ ሲወርድ መታገስ ያውቃል። የሚሞሪ ዋጋ ደግሞ እንደ ቡና ነው፤ አንድ ዓመት ሰማይ፣ አንድ ዓመት መሬት። አባትሽ ፋብሪካ ይክፈቱ አላልኩም። አንድ ዓመት ይስጡሽ ነው የምለው፤ ቤት ውስጥ ምግብና መኝታ፣ ሌላ ምንም። ለመጋዘኑ ሰው መቅጠር ይችላሉ።

ላይሰንስ የሚለው ቃል ከከበዳቸው ደግሞ የራሳቸው ሙያ ውስጥ አለ። መንግሥት ሐረር፣ ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት አስመዝግቦ፣ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ተፈራርሟል። ሮያሊቲ አልጠየቀም፤ የፈለገው ስሙ እንዲታወቅና በስሙ እንዲሸጥ ነው። በስም ላይ መዋዋል ማለት ይሄው ነው። ከሦስቱ ውስጥ የጅማ አካባቢዋ ሊሙ የለችበትም። ይህን ስትነግሪያቸው ዝም እንደማይሉ እገምታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ስለ ላይሰንስ ነው የሚሆነው፣ ስለ ባንክ አይደለም።

ማታ ሲገቡ፣ ቡናው ሲፈላ፣ ሁለተኛው ላይ ጀምሪላቸው። መጀመሪያ ግን ዘንድሮ ሊሙ በስንት እየሄደ እንደሆነ ጠይቂያቸው።