ፕሮግራሙ እዚያ፣ መስኮቱ እዚህ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው። ሩቅ ያለ የሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ በኤስኤስኤች (ሩቅ ኮምፒውተርን በተመሰጠረ መስመር፣ በጽሑፍ ትዕዛዝ በሚያሠራው መንገድ) ገብቶ፣ ትዕዛዝ ከሚጻፍበት ተርሚናል የራሱ መስኮት ያለው ፕሮግራም እንዴት ይከፈታል? የሚመሳሰሉትን ጨፍልቄ መልሻለሁ። ትዕዛዞቹን በፊደላችን የጻፍኳቸው ለንባብ ነው፤ ተርሚናሉ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻፉት።

«የዩኒቨርሲቲያችን ሰርቨር ላይ ስገባ የጽሑፍ ትዕዛዝ ሁሉ ይሠራል። ግራፍ የሚያሳይ ፕሮግራም ስከፍት ግን ‹ካንት ኦፕን ዲስፕሌይ› ይለኛል። ምን ጎደለኝ?» (ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

ፕሮግራሙ መስኮቱን የት ላይ እንደሚስል አላወቀም። ሰርቨሩ ስክሪን የለውም፤ አንተም ያንተን አላዋስከውም። ስትገባ ‹ኤስኤስኤች› ካልክ በኋላ ክፍተት ትተህ ሰረዝና ትልቁን ኤክስ ጨምር። ከዚያ እንደወትሮው የተጠቃሚ ስምህና አድራሻው ይከተላል። አሁን ፕሮግራሙ የሚሠራው እዚያው ሰርቨሩ ላይ ነው፣ በሰርቨሩ ፕሮሰሰርና ሜሞሪ። መስኮቱ ግን በኤስኤስኤች ውስጥ ተመስጥሮ መጥቶ አንተ ላፕቶፕ ላይ ይዘረጋል።

መሥራቱን ለማረጋገጥ ‹ኤኮ› ብለህ የዶላር ምልክትና በትልልቅ ፊደላት ዲስፕሌይ ጻፍ። ዲስፕሌይ ማለት ፕሮግራሙ መስኮቱን የት እንደሚስል የሚያነብበት ቅንብር ነው። ሎካልሆስት ካለ በኋላ 10.0 ካሳየህ መንገዱ ተከፍቷል። ከ10 የሚጀምረው ሰርቨሩ ላይ ሊኖር ከሚችል እውነተኛ ስክሪን ጋር እንዳይጋጭ ነው። ሌላ ተማሪ ቀድሞህ ገብቶ ከሆነ 11 ወይም 12 ልታይ ትችላለህ፣ አትደንግጥ። ለሙከራ ‹ኤክስአይስ› የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም ክፈት። ሁለት ዓይኖች ብቅ ብለው ማውዝህን በዓይናቸው ይከተሉታል። እኔ ሌላ መሞከሪያ አልፈልግም።

ባዶ መስመር ከመለሰልህ ጣጣው ብዙ ጊዜ ሰርቨሩ ላይ ነው። ወይ ‹ኤክስኦት› የሚባለው ፕሮግራም አልተጫነም፣ ወይ በኤስኤስኤች ማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ ‹ኤክስ11 ፎርዋርዲንግ› (መስኮቱን ወዳንተ ማሳለፉ) አልተፈቀደም። ኡቡንቱና ዴቢያን ሲመጡ ፈቅደው ነው የሚመጡት። በሌሎቹ ላይ አስተዳዳሪውን መለመን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ‹ዲስፕሌይን በእጅህ የራስህ አይፒ አድርገው› የሚል ምክር አሁንም ድረስ ይዞራል። አትስማው። መስኮቶቹን የሚስለው ኤክስ ዊንዶው ሲስተም (ባጭሩ ኤክስ) በፈረንጆቹ 1984 ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲጀመር ኤስኤስኤች ገና አልነበረም፤ እሱ በ1995 ከፊንላንድ የመጣ ነው። በመሃል ባለው ዘመን ሰዉ እንደዚያ ያደርግ ነበር፤ መስኮቱም የሚተየበውም ሳይመሰጠር በኔትወርኩ ላይ ይሄዳል። ዛሬ ምንም ምክንያት የለህም። ዲስፕሌይን ኤስኤስኤች ራሱ ይሙላው፣ አንተ አትንካው።

«ላፕቶፔ ዊንዶውስ ነው። ያልከውን ሁሉ አደረግኩ፣ ምንም መስኮት አይመጣም።» (አንባቢ፣ ከሀዋሳ)

ዊንዶውስ የሚመጣውን ስዕል የሚቀበል ‹ኤክስ ሰርቨር› የሚባል ፕሮግራም ከሌለው አይሆንም። ሞባኤክስተርም የሚባለው የኤስኤስኤች ፕሮግራም ውስጡ ይዞት ስለሚመጣ ለጀማሪ እሱ ይቀላል። ፑቲ የሚባለውን የኤስኤስኤች ፕሮግራም የምትጠቀም ከሆነ ቪሲኤክስሰርቭ የሚባለውን ኤክስ ሰርቨር ለብቻው ጫንና ፑቲ ውስጥ በኤስኤስኤች ሥር ካለው የኤክስ11 ገጽ ላይ ፈቃዱን ምልክት አድርግ። ማክ ያላችሁ ደግሞ የማኩን ኤክስ ሰርቨር ኤክስኳርትዝን ጭናችሁ፣ ከአካውንታችሁ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ። ይቺን መውጣትና መግባት ሰዎች ይዘሏታል፤ ከዚያ አልሠራም ይላሉ።

«ሰርቨሬ ጀርመን ነው፣ እኔ አዲስ አበባ። መስኮቱ ይከፈታል፤ ግን ሜኑ ለመክፈት እንኳ ዘመን ይፈጃል። የኢንተርኔት ፓኬጄን ከፍ ላድርግ?» (አንባቢ፣ ከሲኤምሲ)

ብርሽን አታባክኚ። ችግሩ የመስመሩ ስፋት ብቻ አይደለም፤ ምልልሱ ነው። ኤክስ ሲነደፍ ፕሮግራሙና ስክሪኑ በአንድ ሕንፃ ኔትወርክ ውስጥ ናቸው ተብሎ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ለጥቃቅኑ ሁሉ ይጠይቃል፣ መልስ ይጠብቃል፣ እንደገና ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ቅመም ሱቅ እየተመላለሰ ወጥ እንደሚሠራ ሰው ማለት ነው። አንድ ምልልስ 150 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል እንበል። አንድ መስኮት ለመክፈት 200 ምልልስ ካስፈለገ 30 ሰከንድ ሄደ። ፓኬጁ በእጥፍ ቢያድግ ይህ ቁጥር ፈቀቅ አይልም።

ሰረዝና ትልቁን ሲ ጨምረሽ የሚላከውን ማመቅ ትችያለሽ። ቀጭን መስመር ላይ ትንሽ ይረዳል፣ ተአምር ግን አትጠብቂ። እንደኔ እንደኔ፣ ኤክስን በኤስኤስኤች ማሳለፍ ለቅርብ ኔትወርክና ለአጭር ሥራ ነው። አንድ ግራፍ አይቶ ለመዝጋት ግሩም ነው። ቀኑን ሙሉ ለመሥራት ግን ኤክስፕራ ወይም ኤክስቱጎ ከሚባሉት ፕሮግራሞች አንዱን ሞክሪ። ሁለቱም ምልልሱን እዚያው ሰርቨሩ ጋ ይጨርሱትና ላንቺ ውጤቱን አምቀው ይልኩልሻል።

«ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ዋይፋዩ ግን መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የከፈትኩት ፕሮግራም ሁሉ ይዘጋል። ቲመክስ አያድነኝም?» (አንባቢ፣ ከአዳማ)

ቲመክስ (መስመሩ ቢቋረጥም ተርሚናሉን ሰርቨሩ ላይ ክፍት የሚያቆየው ፕሮግራም) የሚያድነው ጽሑፉን ነው። መስኮቱ የተንጠለጠለው በኤስኤስኤች መስመሩ ላይ ስለሆነ፣ መስመሩ ሲበጠስ ፕሮግራሙም ይወድቃል። እንዲያውም ሌላ ወጥመድ አለ። ተመልሰህ ስትገባ፣ ቲመክስ ውስጥ የቆየው ተርሚናል የድሮውን የዲስፕሌይ ቁጥር እንደያዘ ነው። አዲሱ 11 ሆኖ የድሮው 10 ከሆነ ያው ‹ካንት ኦፕን ዲስፕሌይ› ይመጣል። ቲመክስ ውስጥ አዲስ መስኮት ክፈትና ከዚያ ሞክር።

መፍትሔው አሁንም ኤክስፕራ ነው። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ ይጫናል። ‹ስታርት› ብለህ ትጀምራለህ፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ‹አታች› ትለዋለህ። ፕሮግራሙ እንደተውከው ይጠብቅሃል፣ ግማሽ የጻፍከው መስመር ሳይቀር።

«እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። አዲስ አበባ ያለው የእናቴ ኮምፒውተር ላይ በኤስኤስኤች እገባለሁ። መስኮቱ እኔ ጋ ሳይሆን እሷ ስክሪን ላይ እንዲከፈት እፈልጋለሁ።» (አንባቢ፣ ከሜሪላንድ)

ያንተ የተገላቢጦሽ ነው፤ ትልቁን ኤክስ ተወው። እናትህ በገቡበት በራሳቸው አካውንት ግባ። ከዚያ ከትዕዛዙ ፊት በትልልቅ ፊደላት ዲስፕሌይ፣ የእኩል ምልክት፣ ሁለት ነጥብ፣ ዜሮ ጻፍና በዚያው መስመር ላይ የፕሮግራሙን ስም አስከትል። ዜሮ ካልሠራ አንድን ሞክር። ኮምፒውተራቸው አዲስ ኡቡንቱ ከሆነ በኤክስ ፈንታ በዌይላንድ (በአዲሱ የመስኮት ሥርዓት) የሚሠራ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ይህ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። መግቢያው ገጽ ላይ የኤክስኦርግ (የኤክሱ) ምርጫ ካለ እሱን ምረጡ፣ ይቀላል።

ብቻ ቀድመህ ደውልላቸው። ማንም ሳይነካው መስኮት ሲከፈት ቫይረስ ገባ ብለው ከሶኬቱ ይነቅሉታል።

«ኤስኤስኤች ስንል ከሰረዝ በኋላ የሚጨመሩት ትልቁ ኤክስና ትልቁ ዋይ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» (ብዙ ሰው)

ኤክስ ለመጣው ፕሮግራም ገደብ ያበጅለታል፤ ዋይ ሙሉ እምነት ይሰጠዋል። ኤክስ ከ20 ደቂቃ በኋላ አዲስ መስኮት መክፈት ሊከለክልህም ይችላል፣ ልማዱ ነው። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ግን ኤክስም እንደ ዋይ እንዲሆን ተደርጎ ስለሚመጣ ልዩነት አታዩም። ሙሉ እምነት የሰጣችሁት ሰርቨር አስተዳዳሪ ክፉ ከሆነ፣ በራሳችሁ ኪቦርድ የምትተይቡትን ሊያይ ይችላል፤ ፓስወርድም ጭምር። የማታውቁት ሰርቨር ላይ አታድርጉት።

«‹ሱዶ› ብዬ ስከፍት መስኮቱ እምቢ ይላል።» (አንባቢ፣ ከመቀሌ)

ስክሪኑን የመጠቀም ፈቃዱ የተሰጠው ላንተ ነው እንጂ ለሩት (ሱዶ ስትል ለምትሆነው የበላይ ተጠቃሚ) አይደለም። መንገድ አለው፣ ግን አልነግርህም፤ መስኮት ያለውን ፕሮግራም በሩት መክፈት አያስፈልግህም። የሲስተም ፋይል ለማረም ከሆነ ‹ሱዶኤዲት› ብለህ የፋይሉን ስም ጻፍ፣ ተርሚናሉ ውስጥ ይከፈትልሃል።