የዳውንታውን አቃቤ ሕግ ደመወዙን ማን ይክፈለው? (ጥያቄና መልስ)

ሰሞኑን ከሲያትልም ከዲሲም ከዳላስም ስለ አንድ ነገር እየተጠየቅኩ ነው። ለዳውንታውን ጸጥታ ሲባል «የሰፈር አቃቤ ሕግ» ይቀጠር፣ በጀትም ይመደብለት የሚል ሐሳብ በየከተማው ይነሳል። ጠያቂዎቼ አብዛኞቹ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ያላቸው ናቸው። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ለብዙ ዓመት ፍርድ ቤት ያስተረጎምኩ ሰው ነኝ። የማውቀውን ልበል።

ፖሊስ አለ፣ አቃቤ ሕግ አለ። ይሄ ሦስተኛው ከየት መጣ?

ሦስተኛ አይደለም፤ ያው አቃቤ ሕግ ነው። የተለመደው አቃቤ ሕግ ቢሮው ቁጭ ብሎ ፋይል ይጠብቃል። አንድ ሰው ሰኞ ሱቅ ቢሰርቅ፣ ረቡዕ መስታወት ቢሰብር፣ ቅዳሜ ሰው ቢያስፈራራ ሦስቱ ፋይሎች ሦስት ሰው ጋ ሊሄዱ ይችላሉ። አንዱ የሌላውን አያይም። የሰፈሩ አቃቤ ሕግ ግን የሚሰጠው አካባቢ ነው። የትኛው የአውቶቡስ ፌርማታ ጋ ምን እንደሚሸጥ፣ የትኛው ሕንፃ ባለቤቱ እንደጠፋ ያውቃል። መክሰስ ይችላል። ሳይከስም የፓርኪንጉን ባለቤት ጠርቶ «መብራት አስገባ» ሊል ይችላል። ብዙ ጊዜ ሥራው እሱ ነው።

ማን ጀመረው?

በ1990 (እ.ኤ.አ.) ፖርትላንድ፣ ኦሪገን። የዚያን ጊዜው የመልትኖማ ካውንቲ አቃቤ ሕግ ማይክል ሽራንክ ነው። በሎይድ አካባቢ ያሉ ነጋዴዎች ሰፈራችን ተበላሸ ብለው መጡ፤ የመጀመሪያውን ሰው ወጪም ራሳቸው ሸፈኑ። የሚገርመው ሰዉ ያማረረበት ነገር ነው። ግድያና ዘረፋ አልነበረም ጎልቶ የወጣው። አደባባይ ላይ መጠጣት፣ ዕፅ፣ ሴተኛ አዳሪነት፣ የተሰበረ የመኪና መስታወት፣ ሱሊቫንስ ገልች በተባለው ሸለቆ ውስጥ ድንኳን ጥሎ ማደር። በክስ ብቻ የማይፈታ ነገር ሁሉ። ኋላ ላይ ሌሎች ሰፈሮችም «ለነሱ ከሆነ ለኛስ?» አሉና በመንግሥት ገንዘብ ተስፋፋ። በ1996 ደግሞ ኤሪክ ሆልደር ዲሲ ላይ የፌዴራል አቃቤ ሕግ ሳለ በአምስተኛው የፖሊስ ቀጠና ሞከረው።

ምግብ ቤት አለኝ። ዘንድሮ መስታወቴን ሦስት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ነጋዴዎቹ እንደ እቁብ አዋጥተን አንድ አቃቤ ሕግ ብናስቀጥር ምን ነውር አለው?

ንዴትዎ ይገባኛል። እዚህ ላይ ግን ረጋ እንበል፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። አቃቤ ሕግ ደግሞ የከፈለው ሁሉ ወገኑ መሆን የለበትም። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሆነውን ልንገርዎ። ቦርላንድ የተባለ የሶፍትዌር ኩባንያ፣ ከሥራ የለቀቀ ኃላፊዬ የንግድ ሚስጥሬን ለተፎካካሪዬ ለሲማንቴክ አሳልፎ ሰጠ ብሎ አመለከተ። የሳንታ ክሩዝ አቃቤ ሕግ ቢሮ ምርመራውን ሲያደርግ ከወጪው 13 ሺህ ዶላር ገደማ የሸፈነው ቦርላንድ ራሱ ነበር። በ1996 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢሮው ከጉዳዩ እንዲነሳ የተሰጠውን ውሳኔ አጸና። ለ13 ሺህ ዶላር!

ታዲያ የግል ገንዘብ ጭራሽ አይነካም ማለት አይደለም። ማሳቹሴትስ ውስጥ የኢንሹራንስ ማጭበርበርን የሚከታተለው ክፍል ገንዘቡ የሚመጣው ከኢንሹራንስ ኩባንያዎች ነው። በ1999 የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህን አልፎታል። እዚያ ክፍያውን በኩባንያዎቹ ሁሉ ላይ የጣለው ሕግ አውጪው ነው። አንዱ ተበዳይ ለራሱ ክስ ቼክ ቆርጦ አልሰጠም።

ስለዚህ ምክሬ፦ ቼክ ለአቃቤ ሕጉ ቢሮ በቀጥታ አይጻፉ። ማዋጣት ካለብዎ ገንዘቡ በከተማው ወይም በካውንቲው በጀት ውስጥ ይለፍ። ማን እንደሚከሰስና እንደማይከሰስ ከፋዩ ቃል እንዳይኖረውም በጽሑፍ ይቀመጥ።

እኛ ዳውንታውን የንግድ ቀጠና አለ፣ ጽዳትና ጥበቃ ያሰማራል። እሱስ አይከፍልም?

ይችላል። (ለማያውቅ፦ የንግድ ቀጠና ማለት ከአካባቢው ባለንብረቶች ወይም ነጋዴዎች በሚሰበሰብ ክፍያ ተጨማሪ አገልግሎት የሚሰጥበት ሰፈር ነው።) እዚያው ፖርትላንድ ቀጠናዎቹ ለፖሊስና ለአቃቤ ሕግም ሲከፍሉ ኖረዋል። በ2020 የከተማዋ ኦዲተር ግን ከተማው በነዚህ ቀጠናዎች ላይ የሚያደርገው ቁጥጥር ትንሽ ነው ብሎ ጽፏል። አንድ ነገር ልጨምር፦ «እኔ ተከራይ ነኝ፣ አይመለከተኝም» የምትሉ፣ ውላችሁን አውጥታችሁ እዩት። የቀጠናው ክፍያ ኪራይ ውስጥ ተጠቅልሎ እየከፈላችሁ ሊሆን ይችላል። ከከፈላችሁ ደግሞ ስብሰባው ላይ የመናገር መብታችሁን አትተዉት።

የፌዴራል ድጎማስ?

አለ። በተለምዶ ጃግ የሚባለው የፍትሕ ሚኒስቴር ድጎማ ለዚህ ሊውል ይችላል። ችግሩ ድጎማ ጊዜ አለው። ሰውየው ሰፈሩን ለምዶ፣ ባለሱቁ ሁሉ ስልኩን ይዞ፣ ልክ ሥራው መስመር ሲይዝ ገንዘቡ ያልቃል። ማስጀመሪያ ይሁን፣ ደመወዝ ግን ከመደበኛ በጀት ይምጣ።

ይሄ ሁሉ ቤት የሌለውን ማባረር አይደለም እንዴ?

ሊሆንም ይችላል፣ ጥያቄህ ልክ ነው። በ2024 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተሞች ውጭ ማደርን መቅጣት ይችላሉ ካለ ወዲህ ፈተናው ብሷል። ሲያትል ውስጥ ግን በ2011 ቤልታውን ላይ ሊድ የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ። ፖሊሱ የዕፅ ተጠቃሚውን ከማሰር ይልቅ ለማኅበራዊ ሠራተኛ ያስረክበዋል፤ አቃቤ ሕጎችም አብረው ይመክራሉ። በጀት ሲጠየቅ ይሄኛው ክፍል አለ ወይ ብለህ ጠይቅ። ከሌለ እኔም አልደግፈውም።

ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። አቃቤ ሕጉን ባናግር ችግር ይመጣብኛል?

ተበድለሽ ለማመልከት ከሆነ አናግሪው። ግን እሱ ያንቺ ጠበቃ አይደለም። አንቺ ወይም ልጅሽ ከተከሰሳችሁ «ትንሽ ነገር ናት፣ ጥፋተኛ ነኝ በልና ጨርስ» የሚል ሰው አትስሚ። ትንሿ ነገር ከአገር ታስወጣለች። ከ2010 ጀምሮ ተከላካይ ጠበቃ ይህን የማስጠንቀቅ ግዴታ አለበት።

ምክር ቤት ሄደን ምን እንበል?

መጀመሪያ በሩን አትሳቱ። ዲሲ ውስጥ የአብዛኛው አዋቂ ወንጀል ከሳሽ የፌዴራሉ አቃቤ ሕግ ነው። የከተማው ምክር ቤት በእሱ በጀት ላይ አያዝም። ሲያትል ላይ ቀላሉን ወንጀል የከተማው አቃቤ ሕግ፣ ከባዱን የኪንግ ካውንቲው ይይዛል። የከተማው በጀት መስከረም መጨረሻ ላይ በከንቲባው ይቀርባል፣ በመኸር ይጸድቃል። ታኅሣሥ ላይ ብትሄዱ ጅብ ከሄደ ነው።

ከዚያ፣ «ጸጥታ የለም» ብላችሁ አትመለሱ። ያንን ሁሉም ይለዋል። አንዲት የቡና ቤት ባለቤት አውቃለሁ፣ ካሽ ሬጅስተሩ ሥር የልጇን የትምህርት ቤት ደብተር ታስቀምጣለች። ቀን፣ ሰዓት፣ ምን ሆነ፣ 911 ስንት ደቂቃ ፈጀ። ግማሹ በአማርኛ ነው። የመናገሪያ ተራዋ ሲደርስ ከውስጡ አራት ቀን ብቻ አነበበች፣ እኔ አስተረጎምኩ። አራቱም ማክሰኞ ነበሩ፣ አራቱም ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ። አንዱ የምክር ቤት አባል መነጽሩን አውልቆ «ማክሰኞ እዚያ ጥግ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ።