ስለ ሥራ ቦታ አቧራና ሳንባ ጠይቁኝ

የሥራ ላይ ጤንነት ባለሙያ ነኝ። ከመሃል አዲስ አበባ የመጡ ጥያቄዎችን እየመለስኩ ነው።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ግራናይትና እብነ በረድ እቆርጣለሁ። ለሳንባ ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ በጣም አላቸው፣ ወንድሜ። አደገኛው ሲሊካ የሚባለው ማዕድን ነው። እብነ በረድ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው፤ ግራናይት ውስጥ ግን ብዙ አለ። በፋብሪካ የሚሠራው የኳርትዝ ድንጋይ ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ሲሊካ ሊኖረው ይችላል። ደቃቁ ብናኝ ሳንባ ላይ ጠባሳ ይፈጥራል፤ ሲሊኮሲስ የሚባለው ይሄ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ይታያል። አቧራው ከበዛ ግን በ5 ዓመት፣ አንዳንዴም በወራት ይመጣል። ጠባሳው አይድንም። እባክህ በደረቁ አትቁረጥ፤ ውሃ በሚረጭ መቁረጫ ሥራ። የጨርቅ ማስክ ይህን ብናኝ አያስቀርም።

ጥያቄ፦ ወተት አቧራውን ያጥባል ይባላል።

መልስ፦ አያጥብም። ወተት የሚሄደው ወደ ሆድ ነው። ከአቧራ መከላከያ ይልቅ ወተት የሚሰጥ አሠሪ ስሰማ ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ የኤክስሬይ ውጤቴ ላይ 1/0 ተጽፏል። ሲሊኮሲስ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ብቻውን አይደለም። ይህ የዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት የኤክስሬይ አመዳደብ ነው። ኤክስሬዩ ላይ የሚታዩት ትንንሽ ጥላዎች ምን ያህል እንደበዙ ከ0 እስከ 3 ይመደባል። የመጀመሪያው ቁጥር አንባቢው የወሰነው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በቁም ነገር ያሰበበት አማራጭ። 1/0 ማለት «1 ነው፤ 0 ሊሆን ይችል እንደሆነም አስቤበታለሁ» ማለት ነው። ከ10 ሚሊ ሜትር የሚበልጡ ጥላዎች ለብቻቸው ይመደባሉ። አመዳደቡ የሚታየውን ይገልጻል እንጂ የበሽታውን ስም አይሰጥም። ስሙ የሚወጣው የሥራ ታሪክህ ሲጨመርበት ነው። ስለዚህ ለሐኪምህ የት፣ ምን ድንጋይ፣ ስንት ዓመት እንደቆረጥክ ንገረው። «የቀን ሠራተኛ ነኝ» ብቻ ብለህ አትለፍ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ዳቦ ቤት ነው የምሠራው። ሲያፍነኝ ኤክስሬይ ተነሳሁ፤ ምንም የለም ተባልኩ።

መልስ፦ እህቴ፣ የዱቄት ነገር ሌላ ምድብ ነው። የሚያጠቃው የአየር ቧንቧን ነው፤ አስም ያመጣል። ኤክስሬዩ ንጹህ ሊሆን ይችላል። እረፍት ቀን ከተሻለሽና ሥራ ስትገቢ ከተመለሰ ለሐኪም ንገሪ። የትንፋሽ ምርመራ ጠይቂ፤ በሥራ ቀንም በእረፍት ቀንም ቢለካ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ የቲቢ መድኃኒት ጨርሻለሁ፤ ሳሉ ግን አልለቀቀኝም። ድንጋይ ጠራቢ ነኝ።

መልስ፦ ሲሊካ ለቲቢ ያጋልጣል። ሲሊኮሲስና ቲቢ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ሳትዘገይ ተመለስና አክታህ በድጋሚ ይመርመር፤ ጠራቢ መሆንህንም ንገራቸው።

ጥያቄ፦ አሠሪዬ «ብርድ ነው» ይለኛል።

መልስ፦ ብርድ ይሁን አይሁን የሚወስነው ሐኪም ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ያውቃል፤ መከላከያ የማቅረብ ግዴታም የአሠሪው ነው። የቅጥር ደብዳቤህንና የሕክምና ወረቀቶችህን በሙሉ አስቀምጥ።