እንግዳም ይመጣል፣ ፈረስም ይርበዋል

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ከባለቤቴ ጋር ሆነን ጥቂት ፈረሶች የምናረባበት አነስተኛ እርሻ አለን። በሳምንት አንድ ቀን ግልቢያም ሥልጠናም አይኖርም። ያን ቀን ቤት ውስጥ ምግብ አብስዬ፣ ዘመድ ወዳጅ ጠርቼ በጸጥታ ላሳልፈው እመኛለሁ። ይሁን እንጂ ድስቱን ስከታተል ጋጣው ሳይጠረግ ይረፍዳል፤ ጋጣውን ስጠርግ ደግሞ ድስቱ ያርራል፤ በዚሁ መሐል እንግዶች ይደርሳሉ። ባለቤቴ «ፈረሶቹ ዛሬ ሥራ የላቸውም፤ መኗቸው ቢዘገይ ምን ይሆናሉ?» ይለኛል። ቀኑን እንዴት ብናደራጀው ይሻላል?

መልስ፦ ከባለቤትዎ አባባል እንጀምር፤ የቀኑ ሥርዓት የሚወሰነው በእርሱ ላይ ነውና። ባለቤትዎ በከፊል ልክ ናቸው። ሥራ በማይኖርበት ቀን ሊቀነስ የሚገባው ግን እህሉ እንጂ ድርቆሹ አይደለም። በሥራ ላይ የሚውል ፈረስ በዕረፍቱ ቀን የተለመደውን አጃና ገብስ ሳይቀነስለት ከበላ፣ በማግስቱ ወደ ሥራ ሲመለስ የጭኑና የወገቡ ጡንቻ ግትር ብሎ መራመድ እስኪያቅተው ድረስ ሊታመም ይችላል። ስለዚህ እህሉን በዚያ ቀን መቀነስ ጥፋት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። ጠዋት ያመለጠውን እህል ማታ ደርቦ መስጠት ግን ፈጽሞ የማይገባ ነው፤ በአንድ ጊዜ የገባ ብዙ እህል በትንሹ አንጀት ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ያልፍና እዚያ ፈልቶ የሆድ ቁርጠት፣ አልፎም የሰኮና ውስጥ ሕመም ያስከትላል።

ድርቆሹ ግን ቀጠሮ አይሰጠውም። የፈረስ ጨጓራ በላም አልበላም ቀንና ሌሊት አሲድ ያመነጫል፤ ያንን አሲድ የሚያለዝበው ምራቅ ደግሞ የሚወጣው ፈረሱ ሲያኝክ ብቻ ነው። ጨጓራው ራሱ ለዚያ ግዙፍ አካል እጅግ ትንሽ ነው፤ ከ8 እስከ 15 ሊትር ያህል ቢይዝ ነው። ተፈጥሮው ጥቂት በጥቂት እየጋጠ እንዲውል እንጂ ጠግቦ እንዲያርፍ ስላልሆነ፣ ባዶውን ለብዙ ሰዓታት ሲቆይ የጨጓራው ግድግዳ ይቆስላል። 500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ7.5 እስከ 10 ኪሎ ግራም ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል። ይህንንም በሁለት ጊዜ ከማቅረብ ይልቅ በሦስትና በአራት ከፍሎ መስጠት፣ ወይም ዓይኑ ጠባብ በሆነ መረብ ውስጥ አድርጎ ቀስ እያለ እንዲመዝዘው መተው ይመረጣል። እንግዳ በሚጠበቅበት ቀን መረቡ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ቡና እያፈላችሁም ሆነ ከሰው ጋር እየተጫወታችሁ ፈረሱ ሥራውን አያቋርጥም። በቀን ከ25 እስከ 50 ሊትር ውኃ ስለሚጠጣም ገንዳው ከእንግዶቹ መምጣት በፊት ታጥቦ መሞላት አለበት።

እንግዲህ የቀኑ አካሄድ ከዚህ ይከተላል። ሌሊት ያደረው ፋንድያ ሳይነሳ፣ ድርቆሽና ውኃ ሳይቀርብ ወጥ ቤት አይገባም። አንድ ትልቅ ፈረስ በቀን 20 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ፋንድያ ይጥላል፤ ጠዋት በመንሽ ካልተነሳ እየተረገጠ ከጉዝጓዙ ጋር ይቀላቀልና የአንድ ሰዓቱ ሥራ የግማሽ ቀን ሥራ ይሆናል። በዚያው ጊዜ ሰኮናውን ከተረከዙ ወደ ፊቱ አቅጣጫ እየጠረጉ፣ በመካከል ያለውን ለስላሳ ሦስት ማዕዘን ሳይወጉ ማጽዳትና አካሉን በዓይን መቃኘት ነው። ፀጉር መከርከምንና ማጠብን፣ ኮርቻና ልጓም መወልወልን የመሳሰለው ሁሉ ለሌላ ቀን ይቆይ። ጸጥ ያለ ቀን የሚባለው የቀረ ሥራ የሌለበት ሳይሆን፣ ሊቀር የሚችለው ሥራ በፈቃድ የቀረበት ቀን ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ድስቱ እንመለስ። የእርስዎ ችግር ያለው ከሰዓት አጠቃቀሙ ላይ ሳይሆን ከምግቡ ምርጫ ላይ ይመስለኛል። መጥበስና ማቁላላት የሚፈልግ፣ ደቂቃ በደቂቃ የሚማሰል ምግብ ጋጣ ላለበት ቤት አይሆንም። ምድጃ ላይ እሳት ትቶ ወደ ጋጣ መሄድም አደገኛ ነው። በአንጻሩ እርሻዎ ውስጥ ከማንም ቤት የተሻለ ማብሰያ አለ፤ እርሱም ድርቆሽ ነው። በሳጥን ውስጥ በድርቆሽ የማብሰል ዘዴ ነዳጅና ማገዶ ባጠረባቸው ዘመናት በብዙ አገር የታወቀ ነበር። አሠራሩም ይህ ነው፦ ክዳኑ የሚገጥም ጠንካራ የእንጨት ሳጥን ታችና ጎኑ በደንብ በተጠቀጠቀ ደረቅ ድርቆሽ ይሞላል፤ መሐሉ ላይ ለድስቱ ልክ ጎድጓዳ ስፍራ ይተዋል። ድስቱ እስከ አፉ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ክዳኑ ጥብቅ እንዳለ ምግቡ በኃይል እየፈላ ከእሳቱ ይወርድና ወዲያው ይቀበራል። ከላዩም በድርቆሽ የተሞላ ትራስ ተጭኖ ሳጥኑ ይዘጋል። ድርቆሹ በጭራሮዎቹ መካከል የያዘው አየር ሙቀቱ እንዳይወጣ ስለሚያደርግ ምግቡ ያለ እሳት ለሰዓታት መብሰሉን ይቀጥላል። አያርርም፣ አይገነፍልም፣ ጠባቂም አይሻም።

የቦሎቄ ሾርባ ለዚህ እጅግ ይመቻል፤ ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ አለው። ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ሆድ የሚያውክ መርዝ ስላለበትና ይህም የሚጠፋው በኃይለኛ ፍላት ብቻ ስለሆነ፣ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያደረበት ውኃ ተደፍቶ በአዲስ ውኃ ለ30 ደቂቃ ያህል መፍላት አለበት፤ ወደ ሳጥኑ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ሲወጣም ሞቅ ብሎ ስለተገኘ ብቻ አይቀርብም፤ እንደገና ይፈላል። ለዳቦው ደግሞ ሊጡ ማታ ተቦክቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያድር ቀስ ብሎ ስለሚነሳ፣ ጠዋት ከጋጣ ሲመለሱ ቅርጽ አስይዘው መጋገር ብቻ ይቀርዎታል። ለሳጥኑ የዋለው ድርቆሽ እንፋሎት ስለሚጠጣ በየጊዜው ይለወጥ፤ ተመልሶም ለፈረስ አይቅረብ። ሳጥኑ የሚቀመጠውም ወጥ ቤት ነው እንጂ የድርቆሽ መጋዘን አይደለም፤ ከምድጃ የወረደ ድስት ከሥሩ ፍም ይዞ እንዳይሆን ታይቶና ተጠርጎ መግባት አለበት።

ለሳጥኑም ሆነ ለፈረሱ የሚሆነው ድርቆሽ አረንጓዴነቱ ያልጠፋ፣ ሽታው ጣፋጭ የሆነ፣ ሲራገፍ አቧራ የማይተን ነው። የሻገተ ድርቆሽ የፈረስን ሳንባ ይጎዳል። ሳይደርቅ የታሰረውም እየጋመ ሄዶ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ማጨስ የሚወድ እንግዳ ካለዎትም ወደ መጋዘኑ ባያስጠጉት ደግ ነው።

ከጋጣ ወደ ወጥ ቤት ሲገቡ ጫማና ልብስ ይለወጣል፣ እጅም በሳሙና እስከ ክርን ይታጠባል። ሳልሞኔላ የተባለው ተሕዋስም ሆነ ጭርት ከፈረስ ወደ ሰው ይተላለፋል፤ በፋንድያ እጅ ሊጥ የሚያቦካ ባይኖርም፣ ፈረስ ዳብሶ በር ከፍቶ ገብቶ ሰላጣ የሚከትፍ ግን አይጠፋም።

እንግዶቹን በተመለከተ፣ ምሳ የሚቀርበው ፈረሶቹ የቀትር ድርቆሻቸውን ካገኙ በኋላ መሆኑን ሲጠሯቸው ጀምሮ ይንገሯቸው። ቀድሞ የደረሰውን ሳሎን አስቀምጦ ከማስጠበቅ ሥራ ማካፈል ይሻላል። መተላለፊያውን መጥረግ፣ ገንዳ መሙላት፣ አንድ ገራም ባዝራ እርስዎ ባሉበት መቦረሽ ለማንም ይቻላል፤ ልጆችም ከምሳው ይልቅ ይህንን ያስታውሳሉ። ፈረስ በቀጥታ ከኋላውና ከግንባሩ ሥር ያለውን ስለማያይ፣ ድምፅ እያሰሙ በትከሻው በኩል መቅረብ እንደሚገባ አስቀድመው ያሳዩዋቸው። የመስክ በር እንደተገኘ ይተዋል፤ ተዘግቶ ከተገኘ ይዘጋል፣ ተከፍቶ ከተገኘም ክፍት ይሆናል። ከሌላ ፈረስ ቤት በቀጥታ የመጣ እንግዳ ካለ ጫማ ይቀይር፣ እጁንም ይታጠብ፤ የፈረስ የጉሮሮ እጢ እብጠት በልብስ፣ በእጅና በባልዲ ጭምር ይዛመታልና።

ጥያቄ፦ እንግዶቼን ሸኝቼ ስመለስ አንደኛው ፈረስ ድርቆሹን ትቶ ጎኑን እየዞረ ሲያይ አገኘሁት። የሰው ብዛት ረብሾት ይሆን ወይስ ታሟል?

መልስ፦ ግርግር የረበሸው ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ ጆሮውን አቁሞ ወደ ድምፁ ይመለከታል እንጂ ጎኑን አያይም። ጎን ማየት፣ መሬት መጎድፈር፣ ተኝቶ መነሳትና መንከባለል የሆድ ቁርጠት ምልክቶች ናቸው። ፈረስ ማስታወክ ስለማይችል ሆዱ ውስጥ የተጠራቀመው ወደ ላይ መውጫ የለውም፤ በዚህም ምክንያት «እስኪነጋ እንየው» ማለት አይገባም።

መጀመሪያ የቀረበለትን መኖ ያንሱ፤ ውኃው ይቆይ። ከዚያ በመንጋጋው አጥንት የውስጥ ጠርዝ ላይ የምትመታውን የደም ሥር በጣት ጫፍ ፈልገው ለ15 ሴኮንድ ይቁጠሩና በ4 ያባዙ። ያረፈ ጤነኛ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፣ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል፣ ሙቀቱም ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የልቡ ምት ከ60 ካለፈ ጉዳዩ ከባድ ነው። ከንፈሩን ገልጠው ድዱን በአውራ ጣት ሲጫኑት የነጣው ቦታ በ2 ሴኮንድ ገደማ ወደ ሮዝ መልኩ መመለስ አለበት። ፋንድያ ከጣለ ምን ያህል ሰዓት እንደሆነው ከጉዝጓዙ ይመልከቱ፤ ጆሮዎን ከጎኑ አስጠግተውም የአንጀቱን ጉርምርምታ ያዳምጡ፤ ፍጹም ዝምታ መልካም ምልክት አይደለም። ይህን ሁሉ ጽፈው ለእንስሳት ሐኪሙ በስልክ ይንገሩ፤ እንግዶቹ ምን እንዳበሉት ማወቅ ከተቻለም ይጨምሩበት። ሐኪሙ ሳያዝዝ የሕመም ማስታገሻ አይስጡ፤ ምልክቱን ይሸፍንበታል። ሊንከባለል የሚታገል ከሆነ በዝግታ ማንሸራሸር ይቻላል፤ እስኪደክመው ማዞር ግን አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ እንግዶች ለፈረሶቹ ብለው የወጥ ቤት ትርፍራፊ በከረጢት ያመጣሉ። እንቢ ማለት ያሳፍረኛል። የትኛው ይሰጥ?

መልስ፦ ካሮትና ፖም ጥቂት ቢሰጡ አይጎዱም። ካሮቱ ግን እንደ ሳንቲም በክብ ሳይሆን በቁመቱ ይሰንጠቅ፤ ክቡ ጉሮሮ ላይ ሊቀረቀር ይችላል። ሽንኩርት፣ የድንች ልጣጭ፣ የቲማቲም ቅጠል፣ አቮካዶ፣ ቸኮላትና ጥሬ ሊጥ ፈጽሞ አይቅረቡ። በማሽን ታጭዶ የተከመረ የግቢ ሣርም እንዲሁ ነው፤ ለዓይን የዋህ ቢመስልም ቶሎ ይፈላል፣ ሳይታኘክም ይዋጣል። እፍረቱን በተመለከተ፣ በግቢው መግቢያ ላይ ክዳን ያለው ባልዲ አስቀምጠው «የፈረሶች ስጦታ እዚህ ይቀመጥ» ብለው ቢጽፉበት እንግዳው አይከፋም፣ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚጣልም የሚወስኑት እርስዎ ይሆናሉ። የሚሰጠው ነገር በተዘረጋ መዳፍ፣ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ተጠግቶ ይቅረብ፤ ለትንንሽ ልጆች ደግሞ ከእጅ ይልቅ በሳህን ማቅረቡ ይሻላል።